ፍጥነትን በብርሃን ስለ መለካት

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ የቡና ለቀማ በደረሰ ጊዜ፣ የአስፋልቱ ዳር የመኪና ብቻ አይደለም። ቡና የሚያሰጣው፣ ጆንያ የተሸከመው፣ በቅሎ የሚጎትተው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉ በዚያው ጠርዝ ይተላለፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል እንደሚሄድ አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ ፍሬኑን ለመርገጥ እስኪያስብ ሕፃኑ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ሾፌሩን «ምነው እንዲህ ከነፍህ?» ቢሉት «ኧረ ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላል። አንዱ በዓይኑ፣ ሌላው በአፉ ሲመሰክር ክርክሩ ዳኛ አያገኝም፤ ዳኛ የሚሆነው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ከሚሰጡት መሣሪያዎች የታወቀው ራዳር ነው፤ ነገር ግን የሬዲዮ ሞገዱ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ መኪኖች ተከታትለው ሲመጡ የትኛውን እንደለካ መለየት ያስቸግራል። የሌዘሩ መሣሪያ ግን በዓይን የማይታይ ቀጭን ብርሃን እያቆራረጠ ወደ አንዱ መኪና ይልካል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 150 ሜትር ርቆ ካለ መኪና ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ደጋግሞ ተልኮ ሲመለስ፣ መኪናው በየጊዜው ምን ያህል እንደቀረበ ይታወቃል፤ ፍጥነቱም ከዚያ ይሰላል። (ፊዞ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. የብርሃንን ፍጥነት ጥርስ ባለው መንኮራኩር ለክቶ ነበር፤ ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ብርሃኑ ራሱ ለኪ ሆኗል።) ፖሊሱ ከመንገዱ ገለል ብሎ በአግድም ቢያነጣጥር እንኳ፣ በማዘንበሉ ምክንያት ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሾፌሩ በዚህ በኩል «ተበደልኩ» ሊል አይችልም።

ይሁን እንጂ የጅማ አገር ዝናብና ጉም ብርሃኑን ይበትነዋል። መሣሪያውም ውድ ነው፤ ለሰቃ፣ ለጌራ፣ ለሊሙ ገነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዳረስ ማለት አይቻልም።

እስከዚያው ግን ዓይንና ሰዓት አለን እንላለን። በከተማው መግቢያ በ100 ሜትር ልዩነት ሁለት ነጭ መስመሮች ይቀቡ፤ መኪናው አንደኛውን ከረገጠ ጀምሮ ሁለተኛውን እስኪረግጥ በሩጫ ሰዓት ይቆጠር። 6 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ 12 ከፈጀ 30። የሰው ጣት ሲሶ ሴኮንድ ቢዘገይ ስሕተቱ ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል፤ ርቀቱን ወደ 50 ሜትር ማሳጠር ግን ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋል። በዚህ ልክ ቅጣት መጻፍ ተገቢ አይመስለንም፤ ሾፌሩን አስቁሞ ሰዓቱን ማሳየት ግን ይቻላል።

የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ቀለምና ብሩሽ አያጣም። ቅቡ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለቀማው ሳይደምቅ ይፈጸም፤ መስመሮቹም መኪናው ገበያተኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንጂ ከገበያው መካከል አይደረጉ።