ለክረምት መንገድ የሚሆን መኪና በማዕረግ ይመረጣልን?



ክረምት በገባ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፣ ለክረምት መንገድ የሚሻለው በአራቱም እግሮቹ የሚነዳውና በተለምዶ ፎር ዊል የምንለው መኪና ነው ወይስ በኋላ እግሮቹ ብቻ የሚገፋው? የሚል ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ገንዘብ ያለው ፎር ዊል ይግዛ፤ የሌለው ይጸልይ» በሚል ሣቅ ያልቃል። የፊዚክስ መምህር እንደ መሆኔ መጠን ጓደኞቼ ደጋግመው ስለ ጠየቁኝ፣ ነገሩም ከሣቅ ያለፈ፣ የሰው ሕይወትና የመንግሥት ገንዘብ ያለበት ሆኖ ስላገኘሁት፣ አሳቤን ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድሁ።

አባቶቻችን ለሜዳ ፈረስ፣ ለገደል በቅሎ ይመርጡ ነበር። በቅሎ ለገደል የተመረጠችው እግሯ የማይስት ስለ ሆነ ነው። ኋላ ግን ሰጋር በቅሎ የባለማዕረግ ምልክት ሆነችና መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ቢሆንም እንኳ ሹም ያለ በቅሎ አያምርበትም ተባለ። በዛሬው ጊዜ ፎር ዊል መኪና የደረሰበት ዕጣ ይኸው ይመስለኛል። ለጭቃና ለገደል የተሠራው ዕቃ የክብር ልብስ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን ከማዕረግ ለይተን በሥራው ብቻ ብንመረምረው ይሻላል።

መኪና የሚሄደው ሞተሩ ስለ ጮኸ ሳይሆን ጎማው መሬቱን ስለ ያዘ ነው። አንድ ጎማ መሬትን ይዞ የሚገፋበት ኀይል በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው በላዩ ያረፈው ክብደት ነው። ሁለተኛው ጎማውና መሬቱ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት የሰበቃ መጠን ነው። በኋላ እግሩ የሚገፋ መኪና ለመሄድ የሚጠቀመው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ባረፈው ክብደት ብቻ ነው። ፎር ዊል ግን በመኪናው ክብደት በሙሉ ይጠቀማል። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለበትም።

በቁጥር ለማስረዳት ያህል፣ የሰበቃው መጠን 0.2 የሆነ አንሸራታች ጭቃ አለ እንበል። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል የተካፈለ ባለ ኋላ እግር መኪና በዚያ ጭቃ ላይ ሊወጣው የሚችለው ዳገት በየ100 ሜትሩ ወደ 10 ሜትር ያህል ከፍ የሚለውን ነው። ፎር ዊሉ ግን በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ያህል ከፍ የሚለውን ሊወጣ ይችላል። ጭቃው ጎማን ወደ ኋላ የሚጎትትበትን ኀይል እዚህ ላይ አላስገባሁም፤ ቢሆንም ግምቱ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። እስከዚህ ድረስ የፎር ዊል ወዳጆች ረትተዋል።

ነገር ግን የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ፍሬን ደግሞ በሁለቱም ዓይነት መኪና የሚይዘው አራቱንም ጎማዎች ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሰበቃው 0.7 በሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል። 0.2 ባልነው ጭቃ ላይ ግን ለመቆም 70 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ለፎር ዊልም ለባለ ኋላ እግርም አንድ ነው። ያው መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ግን 18 ሜትር በበቃው ነበር። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የማቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ከዚህም የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፎር ዊሉ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ የሚለውን የጭቃ ዳገት በኩራት ወጣ ብለናል። ያው ዳገት ሲመለሱበት ቁልቁለት ይሆናል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ መንሸራተት የጀመረን መኪና ፍሬን ሊያቆመው አይችልም። ባለ ኋላ እግሩ መኪና ከዳገቱ ሥር ጎማው ተሽከርክሮ ሲቀር ባለቤቱ ያፍር ይሆናል፤ ግን በደኅና ወደ ቤቱ ይገባል። ፎር ዊሉ ባለቤቱን ሊመለስበት ወደማይችልበት ስፍራ ሊያደርሰው ይችላል። በእርግጥ በዝግታ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ አራቱንም እግሮች አብሮ ስለሚይዝ ጠንቃቃ ነጂን በእጅጉ ያግዘዋል። ይሁን እንጂ የሌለ ሰበቃ ከየትም አያመጣም።

ባለ ኋላ እግር መኪናም የራሱ ዓመል አለው። በእርጥብ መንገድ ላይ መታጠፊያ ውስጥ ነዳጅ ያበዙበት እንደ ሆነ ጭራው ወደ ጎን ይወጣና ይዞራል። በተለይ ባዶውን የሚሄድ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ስለ ሆነ ይህ ቶሎ ይደርስበታል። ነባር ነጂዎች በክረምት ከኋላ አንድ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስረው የሚጭኑት ስለዚህ ነው። ዳገት ላይ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ባለ ኋላ እግሩ ጭነት ሲኖረው ከሚታሰበው በላይ ይወጣል። ቮልስ መኪና ሞተሯ ከኋላ፣ በሚገፉት እግሮች ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ያን ያህል ዘመን የአዲስ አበባን ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች በኋላ እግር የሚገፉ ነበሩ። ዛሬ ሰው ጢም አድርገው የሚያመላልሱት ሃይኤስ ሚኒባሶችም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ የከተማችን ሕዝብ ክረምቱን ሲሻገር የኖረው በአብዛኛው በምን እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በረዶ ከጉልበት በላይ የሚወርድባቸው አገሮች በዚህ ነገር ከኛ ይልቅ ተፈትነዋል። በስዊድን ከዲሴምበር 1 ቀን እስከ ማርች 31 ቀን ድረስ መንገዱ በረዶ የያዘ እንደ ሆነ አውቶሞቢሎች የክረምት ጎማ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድዳል። በካናዳም የኩቤክ ክፍለ ሀገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የክረምት ጎማን ግዴታ አድርጓል። እነዚህ ሕጎች ያዘዙት ጎማን ነው፤ ፎር ዊል ግዙ ያለ ግን የለም። በሚኒሶታ የሚኖር አንድ ዘመዴም የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ማግሥት ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ከሚታዩት መኪናዎች መካከል ፎር ዊሎች እንደማይጠፉ አጫውቶኛል። ምክንያቱም ነጂው በቀላሉ ስለ ተነሣ በቀላሉ የሚቆም ይመስለዋል።

የእነርሱን የክረምት ጎማ ወደዚህ እናምጣ ማለቴ አይደለም። ያ ላስቲክ በብርድ እንዳይደድር ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ለኛ አየር አይስማማም። ለኛ የሚያስፈልገን ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነው። የጎማ ጥርስ ሥራው ከሥሩ ውሃውን ማስወገድ ነው። ጥርሱ ያለቀ እንደ ሆነ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይሠሩም። እንደዚሁም በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት መካከል አራት አኀዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ዋጋ ከመክፈል በፊት ይህን ቁጥር ማየት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ፎር ዊልን ለመንቀፍ አይደለም። አገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ጥቁር የዋልካ አፈር አላት። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ጎማን እንደ ሙጫ ይይዛል። በቤቾ ሜዳም ሆነ በፎገራ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር መግባት ያለበት የጤና ሠራተኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ ፎር ዊል ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት ዝናቡ እስኪያባራ ልትጠብቅ አትችልም።

ሆኖም ፎር ዊል ዕውቀት ይጠይቃል። በወለጋ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነበረ። የሚነዱት ሽማግሌ ሹፌር ጭቃ ከመግባታቸው በፊት ያቆማሉ፤ ይወርዱና ጥልቀቱን በበትር ይለካሉ። ከዚያም የፊት እግሮቹን መቆለፊያ በእጃቸው አዙረው ያያይዙና ማርሽ ሳይለውጡ በዝግታ ያልፋሉ። ደረቅ መንገድ ሲያገኙ መልሰው ይፈቱታል። እኛ ተማሪዎች ይህን ድካም ለምን ብለን ስንጠይቃቸው «መኪናው ሲታጠፍ የፊቱና የኋላው እግር እኩል መንገድ አይሄዱም፤ በደረቅ ካሰርኋቸው ይጣላሉ» ይሉን ነበር። ነገሩ እውነት ነው። እንዲህ ያለው መኪና የፊቱንና የኋላውን የሚያስማማ ዲፈረንሻል በመካከሉ ስለሌለው በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት እግር ቢነዱት ጎማ ይፈጃል፤ ጥርሳ ጥርሱንም ይጎዳል። ዛሬ ግን ቁልፉ በአንድ ጣት የሚጫን ስለ ሆነ ብዙ ነጂ መቼ እንደሚያስገባው አይጠይቅም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ምርጫው አዲስ መልክ ይዟል። ከኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት፣ አንድ ሞተር ብቻ ያለው ዓይነታቸው፣ በኋላ እግር የሚገፉ ናቸው። በአራት እግር የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሞተር ከፊት፣ አንድ ሞተር ከኋላ አላቸው። ባለ አንዱ ሞተር ጎማ መሽከርከር ሲጀምር ኀይሉን ወዲያው የሚቀንስ መሣሪያ ስላለው የቀድሞው ባለ ኋላ እግር መኪና የነበረበት ዓመል በጣም ተቃልሎለታል። ባትሪው ግን መኪናውን ያከብደዋል፤ በመታጠፊያ ላይ ያን ክብደት ይዞ የሚያስቀረው ጎማው ብቻ ነው።

በቅርቡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ነገር አማክረውኛል። አንደኛው ከሰሚት እስከ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ ነው። ለእርሱ በኋላ እግር የሚገፋውን ይግዛና ከዋጋው ልዩነት ላይ ለአራት ጥሩ ጎማና ለፍሬን ዕድሳት ያስቀምጥ ብዬዋለሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቷ የገጠር ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ሆነ በየሳምንቱ ከአስፋልት ወጥታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዋልካ ታቋርጣለች። ለእርስዋ አሮጌም ቢሆን ፎር ዊል፣ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ ጎማ ጋር እንድትገዛና አነዳዱን ከሚያውቅ ሰው እንድትማር ነግሬአታለሁ። ሁለቱም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መንገዳቸው ግን አንድ ስላልሆነ መልሱም አንድ አልሆነም።

ይህ ለግለሰብ ከሠራ ለመሥሪያ ቤትም መሥራት ይገባዋል። በአንዳንድ ስፍራ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናያለን። የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከቤቱ እስከ ቢሮው በአስፋልት በፎር ዊል ይመላለሳል፤ የመስክ ሠራተኛው ደግሞ በነሐሴ ጭቃ ባለ ኋላ እግር ፒክአፕ ይሰጠውና ከገበሬው ጋር ሲገፋ ይውላል። ፒክአፑ የቀረበት መንደር ክትባቱም፣ ምርጥ ዘሩም፣ የፈተናው ወረቀትም ይዘገይበታል። የማንንም ክብር ለመንካት ብዬ አላነሣሁትም። የሚመለከታቸው ክፍሎች ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ የመኪናዎቻቸውን ድልድል በሠራተኛው ደረጃ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድ ቢያደርጉት፣ የሁሉንም ጎማ ቢያስመረምሩ፣ ለነጂዎቻቸውም የጥቂት ቀን ትምህርት ቢሰጡ፣ አዲስ መኪና ሳይገዛ ብዙ ሥራ ይቃና ነበር።

በዚህ ጉዳይ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ነጂዎችና መካኒኮች አሳባቸውን በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን ሁላችንም እንማርበታለን። እስከዚያው ግን አንባቢ ሆይ፣ የመኪናህ ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ ነገ ጠዋት ከመነሣትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ጎማህን ተመልከት።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ