በአፍንጫ ስለምትገባ አልቅትና ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች

በጎጃም ደጋ ሰውና ከብት ካንድ ምንጭና ካንድ ኩሬ በሚጠጡበት ስፍራ፥ አልቅት የቤተሰብ ጠላት መሆኗን ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲጠጣ ወይም ፊቱን ሲታጠብ፥ እንደ ክር የቀጠነች አልቅት በአፍንጫው ትገባለች፤ በዚያም ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ምልክቷም ካንድ ወገን አፍንጫ ብቻ ደም እየተመላለሰ መፍሰሱ ነው። ነገሩ ከሰነበተ የልጁ ደም ያንሳል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ጕልበቱም ይደክማል።

አንዳንድ ሰው በወረንጦ ጎትቶ ሊያወጣት ይታገላል። ነገር ግን አልቅት ስትጎተት አጥብቃ ትይዛለች፤ ሥጋው ይቈስላል፤ እርሷም ተንሸራታ ወደ ጕሮሮ ልትወርድ ትችላለች። በሐኪም ቤት ግን ለዚህ ሥራ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋልና፥ እንደ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ እንጠይቃቸው።

ፊተኛው የሚያደነዝዘው ሊዶካይን ነው። ይህንን ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የስዊድን ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሠራው። በጥጥ ተነክሮ ወይም ተረጭቶ ሲገባ በጥቂት ደቂቃ ሕመሙን ያስታግሣል፤ አልቅቲቱንም አደንዝዞ ያላላታልና ሐኪሙ ያለ ትግል ያወጣታል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፤ ልብንም ይጎዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ልጁን በሚዛን መመዘኑ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው አፍንጫን የሚከፍተው ነው፤ ከነዚህም ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን ይገኛሉ። የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ያበጠው ሥጋ ይቀንሳል፤ ሐኪሙም ወደ ውስጥ ማየት ይችላል፤ መድማቱም ያንሳል። ሕመምን ግን ከቶ አያደነዝዝም። ከ5 ቀን በላይ ቢዘወተር አፍንጫው መልሶ ይደፈናል። የደም ግፊት ላለበት ሰውና ለሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገባም።

የሁለቱን ሥራ ባንድነት የሚሠራ ኮካይን ነበር፤ ካርል ኮለር በቪየና በ1884 ዓ.ም. ዐይንን ማደንዘዙን አሳይቷል። ነገር ግን ሱስ ስለሚያስይዝና ልብን ስለሚጎዳ፥ ብዙ ሐኪሞች በእርሱ ፈንታ ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምረው ይሠራሉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ የሚከፍተው የሚያደነዝዘውን አይተካም፤ የሚያደነዝዘውም በቤት የሚሞከር አይደለም። አንድ አፍንጫው እየተመላለሰ የሚደማ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። አልቅቲቱ ከወጣች በኋላም ጕሮሮው የደነዘዘ ልጅ ትን እንዳይለው፥ ድንዛዜው እስኪለቀው ድረስ እህልና ውሃ አትስጡት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምንጩን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ አጠጡ።