የጀማሪ መምሪያ ከሱቅ መዝገብ ይጀምር

የመሐል ሜዳ የባናና የበግ ሱፍ ነጋዴ ዕቃውን በድረ ገጽ ለአዲስ አበባ ገዢ ለማሳየት ቢያስብ፥ ሥራውን የሚሰጠው ለአንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ወጣቱም ሁሉን ከመሠረቱ አይጽፍም፤ የመዝገቡ አያያዝና የይለፍ ቃሉ ጥበቃ አስቀድሞ የተሰናዳለትን፥ ማዕቀፍ የሚባለውን መሣሪያ ይዞ ይነሣል።

ከእነዚህ አንዱ ጃንጎ ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት፥ በሎረንስ ከተማ በሚገኝ የጋዜጣ ድርጅት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ። የጀማሪዎች መምሪያው ሐተታ ሳያበዛ፥ ተማሪው በመጀመሪያው ትምህርት የምትሠራ አንዲት ገጽ በዓይኑ እንዲያይ ያደርጋል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ የድምፅ መስጫ ያሠራዋል።

ይህ አካሄድ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመንዝ ወጣት የድምፅ መስጫውን ሲጨርስ የሱቅ መዝገብ አሠራር ገና አላወቀም። ይልቁንም የቀን ጉዳይ ያስቸግረዋል። ጃንጎ የሚሠራበት የቀን መቁጠሪያ የአውሮፓውያን ስለሆነ 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜን 3 ቀን የሚከፈል ዱቤ በስሙ የሚገባበት ስፍራ የለውም። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስገባዋል፤ ዕዳውም በቀኑ ተራ አይደረደርም። ኪሣራው በነጋዴው ላይ ይወድቃል።

ባለሙያ እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ የአማርኛ መምሪያ አያስፈልግም የሚሉ ይኖራሉ። የጀማሪ መምሪያ ግን የሚጻፈው ገና ባለሙያ ላልሆነው ነው። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ መቅረታቸው ግድ ነው፤ ማብራሪያው ግን በአማርኛ ሊሆን ይገባል።

ይኸውም የውጭውን ቃል በቃል በመገልበጥ አይደለም። ምሳሌው የሱቅ መዝገብ ይሁን፤ ስንት ባና ገባ፥ ስንት ወጣ፥ ዱቤ የወሰደው ማን ነው። ቀኑ በመዝገቡ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጦ ለአንባቢው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ገና ከመነሻው ያስተምር። የ15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ስሌትም ያሳይ።

መምሪያው ከመውጣቱ በፊት ሥራውን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥ፤ የተሰናከለበትም ስፍራ ይታረም። ጥፋቱ የመምሪያው እንጂ የተማሪው አይደለምና።

በዚህ ሥራ የነጋዴው ድርሻ ቀላል አይደለም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ወጣቶች የደንበኞቹን ስም ሰርዞ የመዝገቡን አንድ ገጽ ቢያውስ፥ ለጸሓፊውም የድካም ዋጋ ቢከፍል፥ ነገ ለራሱ ሱቅ የሚሆን ባለሙያ ዛሬ ያፈራል።