የምትወጣበት ቀን

ስለ ሰዎች ዝውውር ሲወራ አብዛኞቻችን የምናስበው ሩቁን ነው፤ የሊቢያን በረሃ፣ የቀይ ባሕርን ጀልባ፣ የቤይሩትን ፎቅ። ዜናውን እንሰማለን፣ ከንፈራችንን እንመጣለን፣ ወደ ድራማው እንመለሳለን። በዚህ ወር የማጫውትዎት ግን በቤታችን ማዕድ ቤት በኩል ስለሚያልፍ መንገድ ነው። መነሻው ደጋው ነው፤ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃን አሞራ፣ በየዳ። መድረሻው የመተማ ቡና ቤት ሊሆን ይችላል። በመሐል ጎንደር አለች፤ በጎንደር ውስጥ ደግሞ የእኔና የእርስዎ ዓይነት ቤት።

እንጀራዬ የገበያ ሥራ ነው። ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ በየትኛው ቃል ልቡ እንደሚሸነፍ ማጥናት። በዚህ ዐይን ሳየው በየገጠሩ የሚዞረው ደላላ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያናግራት ልጅ ከትምህርት ገበታ የቀረች ናት፣ ወይም ሳትፈልግ ሊድሯት ቀን የተቆረጠባት፣ ወይም ጎተራው ባዶ የሆነበት ቤት ልጅ። ጠለምት፣ ደባርቅና ዳባት በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት አይተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጃን አሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ መታቸው። ለደላላው ይህ ሁሉ ገበያ ነው። ብዙ ጊዜ ባዳም አይደለም፤ የአክስት ልጅ ነው፣ የጎረቤት ሰው ነው፣ ቀድማ ከተማ የገባች ጓደኛ ናት። የሚሸጠው ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀን ትሠሪያለሽ፣ ማታ ትማሪያለሽ።»

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጅቷ መናኸሪያ ስትወርድ ስልክ የላትም፣ መታወቂያ የላትም፣ ከተማውን አታውቀውም። የምታውቀው ሰው ያመጣትን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሞግዚት ፈልገናል። ሁለታችንም ቢሮ እንገባለን፣ ልጅ አለ፣ እንጀራ መጋገር አለ። ደላላው ይደውላል፣ «ጨዋ ልጅ አግኝቻለሁ» ይላል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ደላላ የሚከፈለው ልጅቷ በገባች ቁጥር እንጂ በቆየች ቁጥር አይደለም። በሦስት ወሯ ብትወጣ ሌላ ቤት ያስገባታል፣ እንደገና ይከፈለዋል። እኛ በሙያችን ደንበኛ ማቆየት ትርፍ ነው እንላለን፤ ለእሱ ግን የቆየች ልጅ ገቢ የማታስገባ ልጅ ናት። ስለዚህ የምትወጣበትን ቀን ከእርስዎ ይልቅ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ያ ቀን እንዴት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ወርቅ ጠፋ ይባላል። ወተት ገነፈለ፣ ልጁ ወድቆ ተፈነከተ ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ አርግዛ ትገኛለች፤ ያስረገዛትም እዚያው ቤት ያለ ወንድ ሊሆን ይችላል። ጩኸት ይነሣል፣ ልብሷ በፌስታል ይጠቀለላል፣ በሩ ይከፈታል። ጊዜው ማታ ነው። ደመወዟ «ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» ተብሎ እመቤቷ ዘንድ ነው። ወደ አገሯ እንዳትመለስ መሳፈሪያ የላትም፤ ቢኖራትም ባዶ እጇን መግባት ያሳፍራታል። ያን ምሽት የሚያስጠጋት ማን ነው? ያው ደላላው ነው፣ ወይም መናኸሪያ አካባቢ ያለች አልጋ አከራይ። «ቡና ቤት አስተናጋጅ ይፈልጋሉ» የሚለው ወሬ የሚነገራት በዚያች ሌሊት ነው። በአገራችን ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩት ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ከተማ የገቡት የቤት ሠራተኛ ሆነው ነው።

ከጎንደር መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሰሊጥ አገር ነው፤ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከቤታቸው የራቁ እጅግ ብዙ ወንዶች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና ነጋዴዎች ይጎርፉበታል። ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ነው፤ ብዙ ሴቶች በዚሁ በር ወደ ካርቱም ተሻግረው በሰው ቤትና ሻይ በመሸጥ ኖረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከተመለሱት መካከል እነሱም ነበሩ።

ስለ ኤች አይ ቪ ሦስት ቁጥር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስርጭቱ በገጠር 0.4 በመቶ፣ በከተማ 2.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረጉ አገር አቀፍ ጥናቶች ደግሞ ከአምስቱ አንዷ ገደማ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ አግኝተዋል። ያቺ ልጅ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሥታ በሁለተኛው በኩል ወደ ሦስተኛው ተጉዛለች ማለት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ኮንዶም ካልተጠቀምክ ብላ ልትከራከር አትችልም። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በአግባቡ የወሰደውና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ነገር ግን ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ የምትገፋ ልጅ የት ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥታ፣ የት ቀጠሮ ጠብቃ ትውሰደው?

ሕጉ ምን ይላል? የሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እና የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ስለ ልጆች አንድ ናቸው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ለብዝበዛ ከተመለመለች ወይም ከተጓጓዘች «ወዳ ነው የመጣችው» የሚል መከላከያ አይሠራም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ቢከለክልም የቤት ሠራተኛን በአብዛኛው ከጥላው ውጭ ትቷታል። ይሁንና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እቤቱ የምታድርን ሠራተኛ ጤናና ሞራል እንዲጠብቅ አሠሪውን ያስገድዳል፤ መኝታዋን፣ ምግቧንና የዕረፍት ሰዓቷን ጨምሮ።

«እነሱስ ቢሆኑ? ሰርቀው ይጠፋሉ፣ ሳይናገሩ ይወጣሉ» ይሉኝ ይሆናል። ይሆናል፤ የተጎዳ ቤተሰብ አውቃለሁ። ሰረቀች ካሉ ግን መንገዱ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንጂ ሌሊት በር መክፈት አይደለም። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ማለት እንወዳለን። ልጅዎ ብታጠፋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፌስታል አስይዘው ያስወጧታል?

ስለዚህ የምለምንዎት የምትወጣበትን ቀን በምትገባበት ቀን እንዲያዘጋጁት ነው። ሲቀበሏት ዕድሜዋን ይጠይቁ፤ ልጅ ከሆነች አይቅጠሩ፣ ወደ ቤተሰቧ የምትመለስበትን መንገድ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ይፈልጉ። የወላጆቿን ወይም የጎረቤታቸውን ስልክ ከደላላው ሳይሆን ከራሷ ይቀበሉና እሷ ባለችበት ደውለው ያነጋግሩ። መታወቂያ እንድታወጣ ይርዷት። ደመወዟን በየወሩ በእጇ ይስጡ፣ ቢቻል በስሟ የባንክ ደብተር ያስከፍቱላት። የማታ ትምህርቷንም አያስቀሩባት፤ ያቺ የደላላው ዐረፍተ ነገር እውነት የምትሆነው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት የራቁ ልጃገረዶችን የሚያሰባስበው ሴት አማካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር፤ ልጅቷ ሠራተኛ ከሆነች ከአሠሪዋ ጥቂት ሰዓት ይለምኑላት ነበር። በሩን የሚከፍተው አሠሪው ነበርና።

መለያየት ግድ ሲሆን ደግሞ በጠዋት ይሁን። ሒሳቧን ሙሉ ይክፈሏት፣ ለቤተሰቧ ደውለው ዛሬ ትመጣለች ይበሉ፣ መናኸሪያ አብረው ሄደው ትኬት ቆርጠው ያሳፍሯት። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ መንገዱ እስኪከፈት ያቆዩዋት። የደባርቅ መሳፈሪያ ለልጃችን ልደት ከምናዝዘው ኬክ ያነሰ ነው። ተደፍራ ከሆነ ደግሞ፣ ደፋሪው የገዛ ወንድምዎ ቢሆን እንኳ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ያድርሷት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥም። ከዚያ ወደ ፖሊስ።

ዛሬ ማታ ቡና ስታቀርብልዎት ምንም አይበሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት፦ «የእናትሽ ስልክ ስንት ነው?» ካላወቀችው ሥራዎን ከዚያ ይጀምሩ።