ጠመንጃው ተቆጠረ፤ ባሩዱስ?

የሸዋ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም እንደ ዳዊት የምንደግመው ነገር አለ፤ ይኸውም ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጠመንጃ በገጸ በረከት ይዞ አንኮበር መውጣቱና በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር መዋዋሉ ነው። ነገር ግን፣ ወዳጆች ሆይ፣ ባሩድ የሌለው ጠመንጃ ከዘነዘና በምን ይለያል?

የዚያን ጊዜው ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈ ሙዙ ነበር። አስቀድሞ ባሩዱ ይፈስበታል፤ ቀጥሎ የእርሳሱ አረር ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም በሚነድ ፈትል ወይም በባልጩት ብልጭታ ይለኮሳል። ባሩዱ ከመቶው 75 እጅ ያህል ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። የሚነድበትን ኦክሲጅን ናይትሬቱ ራሱ ስለሚሰጠው የውጭ አየር አይለምንም፤ አየሩ በሳሳበት በአንኮበር ከፍታም በታፈነ ቱቦ ውስጥ ይነዳል። ግማሽ ያልሞላው እጁ ጋዝ ሆኖ አረሩን ከኋላ ገፍቶ ያስወጣል። የቀረው ጭስና ጥቀርሻ ነው፤ ስለዚህም ቱቦው ሳይወለወል ቢደጋገም አረሩ አልገባ ይላል። ጥቀርሻውም እርጥበት ስለሚስብ፣ በአንኮበር ጉም ብረቱን ለመብላት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሙያው ግን መመጠን ብቻ አይደለም። ደቃቅ ዱቄት ተጠቅጥቆ እሳቱ መተላለፊያ ያጣል፤ በመንገድም ሲናጥ ድኙና ከሰሉ ይለያያሉ። ስለዚህ ዱቄቱን ማራስ፣ በፍሬ በፍሬ መክፈል፣ ማድረቅ፣ በወንፊት መለየት ያስፈልጋል። ትንሹ ፍሬ ቶሎ ይነዳል፣ ትልቁ ይዘገያል፤ ለጠመንጃ የሚሆነው ለመድፍ አይሆንም። ናይትሬቱንም ቢሆን የከብት ሽንትና ፋንድያ ከጠገበ አፈር አጥቦ ማውጣት የዋዛ ሥራ አይደለም።

ንጉሡ ባሩዳቸውን በአገራቸው ያስቀምሙ ነበር። ድኙ የሚመጣው ከቆላው፣ በ2017 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጡ ሰሞን እንፋሎት ሲተፋ ስሙን ከሰማነው ከዶፋን ነበር። ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊም የባሩድ ወፍጮ አምጥቶላቸዋል። በደብተራችን የሰጪዎቹ ስም አለ፤ የቀማሚዎቹ ሥራ ግን አንድ መስመር አላገኘም። ጠመንጃውን ስጦታ ብለን እንቁጠረው፤ በየጊዜው ይጎርስ የነበረውን ግን ማን ሰጠው?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ጉዳዩ የኬሚስትሪ ነው ብለን እንሸሻለን። የሳይንስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ የታሪክ ነው ብለው ያልፉታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት አጣሁ የሚል ጓደኛ (ዘንድሮም አልጠፋም) ከኬሚስትሪ ክፍል አንድ ሰው ይዞ አንኮበር ይውጣ፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ አፈሩን ይመርምር፤ ሌላው ሽማግሌዎቹን ቀርቦ አያቶቻቸው ስለ ባሩድ ምን ይሉ እንደ ነበር ይጠይቅ።