መጦርና ማስተኛት

በአገራችን ሽማግሌን መጦር ትልቅ ግዴታ መሆኑን የሚክድ የለም። በደሴ አንዲት ባልቴት ታመው ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጅና የልጅ ልጅ ይከባቸዋል፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ሊነሱ ሲሞክሩ፣ «አይነሱ እማማ፣ እኛ እናመጣለን» ይባላሉ። ሳምንቱ ወር ይሆናል። በሽታው ለቋቸው ሳለ ያለ ደጋፊ ከደጃፍ መድረስ ይሳናቸዋል። ለዚህ ጥፋተኛው ደግነታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ በመዋላቸው ከእግራቸው ሥጋ አንድ ኪሎ ያህል ቀንሰዋል። ጤነኞቹ እንዲህ ከሆኑ የታመሙት ምን ይሆኑ? በዚያው አገር በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ጥቂት ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ማንሳትን ሲለማመዱ፣ የእግራቸው ብርታት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እንግዲህ «አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ አይጠነክሩም» ማለት ስሕተት ነው። (አማርኛችን የእግርን መታጠፊያም ኃይልንም ጉልበት ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይመስለኝም።)

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። ከግድግዳ የተጠጋ ጠንካራ ወንበር ይበቃል። አረጋዊቷ ሁለት እግራቸውን በመሬት ላይ አጽንተው ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ቀስ ብለውም ይቀመጣሉ። መጀመሪያ በእጃቸው ቢደገፉ ነውር የለውም። ዛሬ ሦስት ጊዜ የቻሉ እንደሆነ ውለው አድረው አምስት፣ ከዚያም ዐሥር ይሞክራሉ። ጡንቻ የሚበረታው ሸክሙ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርለት ነውና። በርጩማው ዝቅተኛ ስለሆነ ለጉልበት ይከብዳል፤ ለኋላ ይቆይ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያበረታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል።

«ቢወድቁስ?» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ እውነት ነው። ስለዚህ ሰው ከአጠገባቸው ይቁም፤ ማዞር ወይም የደረት ውጋት ከተሰማቸው ልምምዱ ወዲያው ይቋረጥ፤ አጥንቱ የተሰበረ ወይም ልቡ የታመመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ይሁን እንጂ ተኝቶ የሰነፈ እግር ራሱ ለመውደቅ ያጋልጣል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። መስጊድ ለመስገድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የሚወጣ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሽቅብ መሄድ አለበት፤ ደርሶም ሰግዶ መነሳት አለበት። ይህን ሁሉ ልጅ ሊያደርግለት አይችልም።

እናንተም ከትምህርት ቤት ስትመለሱ አያታችሁ «ውሃ አምጡልኝ» ቢሉ፣ ክንዳቸውን ያዙና እስከ ማሰሮው ድረስ አብራችሁ ሂዱ።