«ክብሩን ጠብቆ ቢያቆም» ለምትሉ

ከቅዳሜ ጀምሮ ዝም ልበል ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው። የውድድሮቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እንዳንጣላ።

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ጠዋት ጉዴሌ ከአንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ነበርኩ። በዚህ ወቅት የፓሪስና የጁባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማራቶኑ ልክ 2 ሰዓት ላይ ጀመረ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቤቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። የውሃ ቦቴ ሹፌሮች፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚነግዱ ልጆች፣ ከጎሮም ካምፕ ዓርብ መጥተው ዘመድ ጋ ያደሩ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግጓል። ታምራት ቶላ ዳገቱ ላይ ጥሏቸው ሲሄድ ጠረጴዛ ተደበደበ። 2:06:26 ሲገባ፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ ለ24 ዓመታት የጠፋውን የወንዶች ማራቶን ወርቅ ሲመልስ እኔም እንደ ሰው ጮህኩ፤ ዓይኔም እንባ አቅርሯል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ምቀኛ» እንዳልባል ነው።

ከዚያ አንዱ «ሽማግሌውስ?» አለ። ቤቱ ሳቀ። ሌላው ቀጠል አድርጎ «ገና ቬርሳይ ነው፤ ታክሲ እየፈለገ ነው» አለ። ደግሞ ሳቁ። ሦስተኛው፣ የማከብረው ወንድሜ ነው፣ ሳይስቅ፣ በሐዘን ድምፅ «አይ፣ ክብሩን ጠብቆ ቢያቆም ምን ነበረበት» አለ። ማታ ስልኬን ስከፍት ይቺው ዓረፍተ ነገር ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በየገጹ ተለጥፋለች። ቀነኒሳ በ2:12:24 ገብቷል፤ 39ኛ። ከታምራት ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። በ42 ዓመቱ።

የሳቁት አላናደዱኝም። ቀልድ ነው፣ ያልፋል። ያናደደኝ የሦስተኛው ሰው ሐዘን ነው፤ ምክንያቱም ሐዘኔታው ለቀነኒሳ አይደለም። «ክብሩን» ሲል የራሱን ትዝታ ማለቱ ነው። ያ ከኋላ ተነሥቶ የመጨረሻውን ዙር የሚበር ልጅ በጭንቅላቱ ውስጥ ሳይነካ እንዲቀርለት ይፈልጋል፤ ለዚያ ሲል ሕያው የሆነው ሰውዬ ከመንገድ ዘወር ይበልለት ነው ነገሩ። የቀነኒሳ ክብር ምን ሆነ? የአቴንስ ወርቅ ፓሪስ ላይ ተነጠቀ? የቤጂንጎቹ ሁለቱ ወርቆች ተመለሱ? 11 የግል የዓለም ሀገር አቋራጭ ድሎቹን 39ኛ ስለወጣ ማን ፋቃቸው?

«አልቋል» የሚለው ፍርድ ደግሞ አዲስ አይደለም። እስቲ አብረን እንቁጠር፤ አጭር ማስታወስ ያለበት ሕዝብ ሆነናልና።

በ2010 መጀመሪያ ባቱ ተጎዳ። ዓመቱን ሙሉ አልሮጠም። በ2011 ዴጉ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ገብቶ አቋርጦ ወጣ፤ በዚያ ርቀት ተሸንፎ የማያውቅ ሰው። ኢብራሂም ጄይላን ወርቁን ስላመጣልን ኀዘናችን አጭር ነበር፤ «ቀነኒሳ አለቀ» ተባለ፣ ተዘጋ። ከ19 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ 26:43 ሮጠ፤ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት። ያን ቀን ይቅርታ የጠየቀ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። በ2012 ለንደን 4ኛ ሆነ፤ ነሐሱን የወሰደው የገዛ ወንድሙ ታሪኩ ነው። «አለቀ» ተባለ። በ2014 የመጀመሪያ ማራቶኑን ፓሪስ ላይ በ2:05:04 አሸነፈ። በ2015 መግቢያ ዱባይ ላይ አቋረጠ፤ አለቀ። በ2016 ለሪዮ ቡድን ሳይመረጥ ቀረ፤ ፌዴሬሽኑን በአደባባይ ወቀሰ፣ «አኩራፊ» ተባለ። በመስከረም በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጦ አሸነፈ። በ2017 ዱባይ ላይ መነሻው ላይ ወደቀ፣ አቋረጠ። በርሊንንም አቋረጠ። በ2018 አምስተርዳም ላይ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። በዚያን ጊዜ የቀረነው ደጋፊዎቹ በአንድ ቦዳ ተጭነን የምንሄድ ያህል ነበርን።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ለምን እንዲህ እንደምንጨረጨር አይገባችሁም።

በ2019 መጀመሪያ ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩባት ቦዳ ከፒክአፕ ጋር ተጋጨች። ቀኝ ጉልበቴ ወጣ። ያን ጊዜ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) መጀመሪያ «አይዞህ፣ ሲሻልህ ትመጣለህ» አለኝ። ሁለተኛው ወር ላይ ክፍሌ ለሌላ መምህር ተሰጠ። በክራንች ስመለስ ደግሞ «ኡስታዝ፣ ቆመህ ማስተማር ትችላለህ?» ተባልኩ። መልስ ሳልሰጥ «ለጤናህ ስንል ነው» የሚል ተጨመረበት። ልብ በሉ፣ ለጤናዬ! እዚህ ከተማ ስደተኛ መምህር በወር በወር ካልሠራ የቤት ኪራይ እንደማይከፍል እያወቁ። «ለራስህ ክብር ነው» የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ በደንብ አጠናኋት። ሰውን ከበር የሚያስወጣ ሁሉ ሲያስወጣ ለሰውየው ተጨንቆ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ፣ እሑድ፣ በርሊን ማራቶን። ክራንቼን ወንበር ላይ አስደግፌ ከጥግ ተቀምጫለሁ። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ሲፈጥኑ ቀነኒሳ ቀረ። «ይኸው፣ እግሩን ያዘው» ተባለ። ሰው ሒሳብ መክፈል ጀመረ። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ምክንያቱም አልቆመም። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ በጣም ቀስ በቀስ፣ ልዩነቱ ጠበበ። ሲሳይን አለፈው። ብርሃኑን ደረሰበት፣ አለፈው። 2:01:41። ከኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ቀረው። በ37 ዓመቱ፣ ከተደጋጋሚ ማቋረጥ በኋላ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አምስት ሰዎች ነበርን። በአንድ እግሬ ዘለልኩ፤ ሐኪሙ ቢያየኝ ይገድለኝ ነበር።

የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነኝና ይህንንም ልበል። ሰዎች ጉዳት ሲባል እንደ ጉንፋን ያስባሉ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሯጭ በአንድ ማራቶን ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ መሬት ይረግጣል፤ በእያንዳንዷ እርምጃ የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሸከሙት ባቱና የተረከዙ ጅማት ናቸው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚያገኝ ቶሎ ይጠግጋል፤ ጅማት ግን ደም እምብዛም አይደርሰውም፣ ሲድንም እንደ በፊቱ አይለጠጥም። ከዚያ ሰውየው ሳያውቀው በሌላው እግሩ ላይ ይደገፋል፤ ሌላውም ይታመማል። ስለዚህ «ድኗል ወይስ አልዳነም?» ብሎ መጠየቅ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። በ2020 ለንደን ላይ ከኪፕቾጌ ጋር ሊገናኙ ዓለም ሁሉ ሲጠብቅ፣ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው በባቱ ምክንያት ወጣ። «ፈርቶ ነው» የተባለውን አልረሳሁም። ባቱን ከ2010 ጀምሮ ሲያስታምም የኖረ ሰው ነው!

አሁን የተቃዋሚዎቼን ጠንካራ ነጥብ ላንሣ፤ አለዚያ ክርክሩ የወሬ ይሆናል። «ሲሳይ ለማ ባይጎዳ ኖሮ ታምራት በተጠባባቂነት አገር ቤት ይቀር ነበር፤ አንድ የ42 ዓመት ሰው የወርቅ ባለቤትን ቦታ ይዞ ነበር» ይላሉ። ከባድ ነጥብ ነው፤ እኔም ሌሊቱን አሰብኩበት። ግን ቡድኑ የተመረጠው በስም ነው? ሚያዝያ ላይ ለንደን ማራቶን ላይ ቀነኒሳ 2:04:15 ሮጦ 2ኛ ወጣ። በዚያው ውድድር ታምራት አቋርጦ ወጣ። አቋርጦ! አራት ወር እንኳ ሳይሞላው የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በእናንተ መመዘኛ ሚያዝያ ላይ «ክብሩን ጠብቆ» መቅረት የነበረበት ማን ነው? ያቋረጠን ሰው ነገ ምን እንደሚሠራ አታውቁም። ይህን ያረጋገጠልኝ ደግሞ የእናንተው ጀግና፣ የእኔም ጀግና፣ ታምራት ነው።

«ዲሲፕሊን የለውም፣ ልምምድ ያቋርጣል» ለሚሉት ግን ብዙ አልሟገትም። የተወሰነ እውነት ሊኖረው ይችላል። እኔ ቅዱስ ነው አላልኩም።

ወጣቶች ስለሆናችሁ ምናልባት አላያችሁትም ይሆናል እንጂ የአቴንስን 10 ሺህ ሜትር ፈልጋችሁ እዩ። ነሐሴ 2004። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት አንድ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለን ነው ያየነው። ኃይሌ የተረከዙ ጅማት እያመመው ነበር የገባው፤ ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ፍለጋ። መሐል ላይ መቅረት ጀመረ። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፊት ላይ ናቸው፤ ዘወር ብለው አዩት። ከዚያ ቀነሱ። የኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ፣ ወርቅ እጃቸው ላይ ሆኖ፣ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱለት! የኤርትራው ዘርሰናይና የኡጋንዳው ኪፕሮፕ አብረዋቸው ነበሩ፤ አደጋ ነበረው። ኃይሌ ደረሰ፣ እንደገና ቀረ፣ 5ኛ ወጣ። ቀነኒሳ የመጨረሻውን ዙር በ53 ሰከንድ ገደማ በረረና ወሰደው። በዚያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነው። የተጎዳን ሻምፒዮን እንዴት እንደሚይዙት ያሳየን እሱ ነው፤ «ጋሼ ክብርህን ጠብቀህ ውጣልን» አላለውም።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 2005፣ እጮኛው ዓለም ተጫለ አብረው ልምምድ ላይ እያሉ ወድቃ ሞተች። በመጋቢት ፈረንሳይ ሄዶ አጭሩንም ረጅሙንም ሀገር አቋራጭ አሸነፈ። ስለዚህ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ምግብ ቤት ተቀምጠን ስንወስን ትንሽ ማፈር አለብን ብዬ አስባለሁ።

ደግሞስ የምንኖረው የት ነው? ባለፈው ወር የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ሲያሸንፍ ጁባ ምን እንደሆነች አይታችኋል። ከዚያ በአሜሪካ ተሸነፉ፣ በሰርቢያ ተሸነፉ፣ ወጡ። ተማሪዎቼ ስማቸውን መጥራት አቆሙ? በ2012 ለንደን ላይ ጉዎር ማሪያል አገሩ ገና የኦሎምፒክ ኮሚቴ ስላልነበራት ያለ ባንዲራ ማራቶን ሮጦ 47ኛ ወጣ። 47ኛ! እዚህ ለአንድ የሲኒየር ስሪ ተማሪ «47ኛ ምን ዋጋ አለው» ብትሉት በአዘኔታ ነው የሚያያችሁ። የእኛው ዮናስ ክንዴ፣ እንደ እኛ ስደተኛ፣ ሪዮ ላይ በስደተኞች ቡድን ሮጦ 90ኛ ሲሆን ይህንኑ ገጽ በፎቶው የሞላነው እኛ ነን። ታዲያ ለዮናስ 90ኛ ኩራት፣ ለቀነኒሳ 39ኛ ውርደት የሆነው በየት አገር ሒሳብ ነው? አንደኛ የለመድነው ሰው ሲሆን ብቻ ነው 39ኛ ነውር የሚሆነው። የነውሩ ምንጭ እኛው ነን።

ቅዳሜ ታምራት ባንዲራ ለብሶ ሲዞር ቤቱ ባዶ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ከኋላ የሚገቡትን አያሳይም። ስልኬ ላይ ውጤት ከፍቼ ስጠብቅ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። 20ዎቹ ገቡ። 30ዎቹ። ኪፕቾጌ አቋርጧል። 36፣ 37፣ 38። የቤቱ ባለቤት እህታችን ጠረጴዛ እየጠረገች «መምህር፣ አሁንም አልገባም?» አለችኝ። «ገባ» አልኳት።

ያ «ክብሩን» ያልከው ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ተናድጄ ስወጣ ቡናዬን ሳልከፍል ነው የሄድኩት፤ አንተ አስቀድመህ ከፍለህልኝ እንደነበር ትናንት ሰማሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። ክርክሩ ግን ካቆምንበት ይቀጥላል።